የፎይል ጀልባዎች ውድድር ከፍጥነት ቁጥር በላይ ይነገርለት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣዎ የስፖርት ገጽ ላይ ስለ ሩጫና ስለ እግር ኳስ የሚወጡትን ጽሑፎች ለዓመታት በአክብሮት ስከታተል የኖርኩ አንባቢ ነኝ። የምኖረው በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው በኦክላንድ ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜዬ በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ላይ በአነስተኛ የሸራ ጀልባ እጓዛለሁ፤ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለውድድር ሲመጡም ዳር ቆሜ እመለከታለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ፣ ፎይል በሚባሉ የውሃ ውስጥ ክንፎች ከውሃ ተነሥተው የሚበሩት ካታማራኖች፣ ማለትም ባለ ሁለት አካል የሸራ ጀልባዎች፣ በአማርኛ ሲወሱ ከሁለት ነገር ያለፈ ሲነገርላቸው አለመስማቴ ነው፤ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሄዱና የትኛው ጀልባ እንደ ተገለበጠ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ነገር ግን በእነርሱ ብቻ ማን ለምን እንዳሸነፈ ማወቅ አይቻልም፤ አንባቢም ስፖርቱን የሞተር ትርኢት አድርጎ እንዲያየው ያደርጋሉ።

ቁጥሩ የሚያስደንቅ መሆኑን አልክድም። ሴይል ጂፒ በተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር የፈረንሳይ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 በሳን ትሮፔ በሰዓት 99.94 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ደግሞ የዴንማርክ ቡድን በጀርመኗ ዛስኒትዝ 103.93 ኪሎ ሜትር በመድረስ የመቶውን ድንበር አለፈ። ይህ ሁሉ ያለ ሞተር፣ በነፋስ ብቻ የተገኘ ፍጥነት ነው። ሆኖም ፈረንሳይ ያንን ቁጥር ባስመዘገበችበት የውድድር ዘመን ዋንጫውን የወሰደችው አውስትራሊያ ናት፤ ዴንማርክ ክብረ ወሰኑን በሰበረችበት ዘመንም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 መጨረሻ በአቡ ዳቢ ሻምፒዮን የሆነችው ታላቋ ብሪታንያ ነበረች። የ10 ሺህ ሜትር ሩጫን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። እኛ የመጨረሻውን ዙር ፍጥነት ብቻ አይተን ስለ ሯጩ አንፈርድም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዙሮች ማን ከፊት ሆኖ ነፋሱን ተቀበለ፣ ማን በማን ጀርባ ተጠለለ፣ ማን መቼ አፈተለከ ብለን እንከራከራለን። የፎይል ካታማራን ውድድርም በዚሁ ዓይን ሊታይና ሊጻፍ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ለዚህም በመጀመሪያ ጀልባው ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ኤፍ50 የተባለው የሴይል ጂፒ ጀልባ ርዝመቱ 15 ሜትር የሆነ ካታማራን ነው፤ ማለትም ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች በተሻጋሪ ምሰሶዎችና በመረብ ተያይዘው አንድ የሆኑበት ነው። ከላይ የተለመደው የጨርቅ ሸራ ብቻ ሳይሆን እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጠንካራ የሆነ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ክንፍ አለው፤ የክንፉም ቁመት እንደ ነፋሱ ብርታት ይለዋወጣል፤ ነፋሱ ሲበረታ 18 ሜትር የሆነው፣ መካከለኛ ሲሆን 24 ሜትር የሆነው፣ ሲደክም ደግሞ ከዚያ የሚረዝመው ይተከላል። ከሥር፣ ውሃው ውስጥ፣ ፎይል የሚባሉት ሌሎች ክንፎች አሉ። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል የሚከብድ ስለሆነ፣ ጠባብ የሆነ ፎይል እንኳ በበቂ ፍጥነት ውሃውን ሲቆርጥ ጀልባውን ከነሰዎቹ ወደ ላይ ያነሣዋል። የጀልባው አካል ከውሃ ሲወጣ የውሃው ግጭት በአንድ ጊዜ ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ የሚያነሣው ኃይል የበለጠ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናልና። ስለዚህ ችግሩ ጀልባውን ማንሣት ብቻ አይደለም። ካነሡት በኋላ ከልክ በላይ እንዳይወጣ መግታት የባሰ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ፎይሉ ከውሃው ብቅ ካለ የሚያነሣው ኃይል በቅጽበት ይጠፋና ጀልባው በአፍንጫው ይተከላል።

ሌላው ብዙ ተመልካች የሚያልፈው ነገር፣ ጀልባው ከሚነዳው ነፋስ በላይ የሚፈጥን መሆኑ ነው። ጀልባው ሲፈጥን ተሳፋሪዎቹ የሚሰማቸው ነፋስ ወደ ፊት ይዞራል፤ ነፋሱ በእርግጥ ከኋላ እየመጣ እንኳ ፊታቸውን የሚመታቸው ከፊት ነው። በዳር የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል። በተለመደው ጀልባ ነፋስ ከኋላ ሲሆን ሸራው ወደ ጎን በሰፊው ይከፈታል፤ በኤፍ50 ግን ወደ ነፋሱም ሲሄድ ከነፋሱ ጋርም ሲወርድ ክንፉ ወደ መካከል እንደ ተሳበ ይቆያል። ይህን ያስተዋለ ተመልካች የጀልባውን ፍጥነት ምንጭ ከማንኛውም ሰሌዳ በተሻለ ይረዳዋል።

ውድድሩ የሚሸነፈውና የሚረታው ግን በመዞሪያው ላይ ነው። ማንም የሸራ ጀልባ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ጋር ፊት ለፊት መሄድ ስለማይችል፣ ወደ ነፋሱ የሚወጣው በግራና በቀኝ እየተመላለሰ ነው፤ ከነፋሱ ጋር ሲወርድም ፎይል ያላቸው ጀልባዎች ፍጥነታቸውን ላለማጣት እንዲሁ ይመላለሳሉ። በእያንዳንዱ መመላለስ ጀልባው ነፋሱን ከአንድ ጎኑ ወደ ሌላው ጎኑ ማሻገር አለበት። በኤፍ50 ላይ በተለመደው አሠራር ስድስት ሰዎች ሲኖሩ፣ በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ሁሉም የየራሳቸው ሥራ አለባቸው። የበረራ ተቆጣጣሪው የጀልባውን ከፍታ ይጠብቃል፤ አየር ላይ ተነሥቶ የቆየው በነፋስ በኩል ያለው ፎይል ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ለጥቂት ሰከንዶች ሁለቱም ፎይሎች ውሃ ውስጥ ይሆናሉ። ዘዋሪው መሪውን ያዞርና ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በመረቡ ላይ ሮጦ እዚያ ያለውን ሌላ መሪ ይይዛል። ክንፉን የሚያስተካክለው ሰው የክንፉን ጉብጠት ወደ ተቃራኒው ጎን ይገለብጣል፤ የክንፉን ገመድ በእጅ መዘውር የሚስቡት ሁለቱ ጉልበታሞች ያለ ዕረፍት ይሠራሉ፤ የዘዴ አማካሪዋ ወይም አማካሪው ደግሞ ዓይኑን ከተቀናቃኞችና ከነፋሱ ላይ አያነሣም። በመጨረሻም ሥራውን የጨረሰው ፎይል ወደ ላይ ይነሣል።

ይህ ሁሉ በትክክል ከተከናወነ ጀልባው በመዞሪያው ሁሉ ውሃ ሳይነካ ያልፋል። አንዱ ሰው በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ የጀልባው አካል ውሃውን ይመታል፣ ነጭ አረፋ ይነሣል፣ ፍጥነቱም በአንዴ ይወድቃል፤ እንደገና እስኪነሣ ድረስ ተቀናቃኙ ብዙ ርቀት ያልፈዋል። ስለዚህ ከዳር ሆኜ ስመለከት ዓይኔ የሚያርፈው በጀልባው አካልና በውሃው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። ያ ክፍተት ቀጥ ባለው መንገድ ላይ እኩል ሆኖ ቢቆይ የበረራ ተቆጣጣሪው ጎበዝ ነው ማለት ነው፤ በመዞሪያው ላይም ሳይጠፋ ቢቆይ ስድስቱም ተግባብተዋል ማለት ነው። በቴሌቪዥን ስርጭቱ ላይ የፍጥነቱ ቁጥር በትልቁ ስለሚጻፍ ይህን ክፍተት የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

ለዚህ አባባሌ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2013 እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ የተደረገው የአሜሪካስ ካፕ ፍጻሜ ነው። ይህ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1851 በእንግሊዝ በዋይት ደሴት ዙሪያ ከተደረገው ውድድር ጀምሮ የቆየ ሲሆን፣ የኒውዮርክ የጀልባ ክለብ እስከ 1983 ድረስ ለ132 ዓመታት ይዞት ኖሯል። በ2013 የተወዳደሩት ኤሲ72 የተባሉት ካታማራኖች 22 ሜትር የሚረዝሙ፣ የክንፋቸው ቁመት ወደ 40 ሜትር የሚደርስ፣ 11 ሰዎች የሚጭኑ ግዙፎች ነበሩ። የጀልባው ደንብ ሲጻፍ እንዲበሩ ታስቦ አልነበረም፤ የኒውዚላንድ ቡድን ግን በ2012 በልምምድ ላይ ደንቡን ሳይጥስ ጀልባውን ሙሉ በሙሉ ከውሃ አንሥቶ ሌሎቹን ሁሉ ወደዚያው መንገድ አስገባቸው። በፍጻሜውም የኒውዚላንድ ቡድን ዘጠኝ ነጥብ ያገኘ ዋንጫውን በሚወስድበት ውድድር 8 ለ 1 መርቶ ነበር። ኦራክል የተባለው የአሜሪካ ቡድን ከዚያ በፊት በሌላ ውድድር በፈጸመው የደንብ ጥሰት ሁለት ነጥብ ተቀንሶበት ስለጀመረ፣ ለማሸነፍ 11 ጊዜ መቅደም ነበረበት። ከዚያ በኋላ ስምንት ውድድሮችን በተከታታይ አሸንፎ 9 ለ 8 በሆነ ውጤት ዋንጫውን አስቀረ።

ያን ያህል ለውጥ ያመጣው ምንድን ነው? የነፋሱን መንገድ በሚመርጠው ቦታ ላይ ብሪታንያዊው ቤን ኤንስሊ ተተክቶ ገብቷል፤ ከሁሉ በላይ ግን ቡድኑ በጂሚ ስፒትሂል መሪነት ወደ ነፋሱ በሚሄድበት ጊዜ የነበረበትን ድክመት ከቀን ወደ ቀን አረመ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኒውዚላንዶች የሚያመልጡት ወደ ነፋሱ በሚወጡበት መንገድ ላይ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን አሜሪካኖቹ በዚያው መንገድ ላይ በፎይል ተነሥተው መሄድ ቻሉ። ኒውዚላንዶችም በስምንተኛው ውድድር በአንድ መዞሪያ ላይ የክንፉ ጉብጠት በጊዜው ስላልተገለበጠ ጀልባቸው ወደ ጎን ተጋድሞ ለመውደቅ ተቃርቦ ነበር። ከዚህም ሌላ በዲን ባርከር የሚመራው ቡድናቸው በ13ኛው ውድድር ቀድሞ እየሄደ ሳለ፣ ነፋሱ በመድከሙ የተፈቀደው 40 ደቂቃ አልቆ ውድድሩ ተሰርዟል። ይህን ሁሉ የያዘ ታሪክ ‹‹ፈጣኑ ጀልባ አሸነፈ›› በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ሊዘጋ አይገባም።

ስለ ሳን ፍራንሲስኮ ነፋስ ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም ለዚህ ስፖርት እንደዚህ የተመቸ ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በበጋ የካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ በቀን ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው የፓሲፊክ አየርም ቦታውን ለመተካት በወርቃማው በር ጠባብ መግቢያ በኩል እየተገፋ ይገባል። ስለዚህ ጠዋት ጸጥ ያለው ባሕረ ሰላጤ ከሰዓት በኋላ ብርቱ የምዕራብ ነፋስ ይነፍስበታል። የባሕሩ ውሃ ወደ ውቅያኖስ በሚመለስበት ሰዓት ውሃውና ነፋሱ ስለሚጋጩ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ያኔ ፎይሉ በማዕበሉ ሸለቆ ላይ እንዳይጋለጥ የበረራ ተቆጣጣሪው ያለማቋረጥ ማስተካከል ይኖርበታል። ሊያይ የሚመጣ ሰው ክሪሲ ፊልድ ወይም ማሪና ግሪን ዳርቻ ላይ ቢቆም፣ አልካትራዝ ደሴትን ከፊቱ አድርጎ ጀልባዎቹ ወደ ዳር ሲጠጉ ፎይሎቹ በውሃው ውስጥ የሚያሰሙትን የፉጨት ድምፅ እንኳ ሊሰማ ይችላል። የመነሻውን ሰዓትም እንዳያመልጠው እመክራለሁ። ጀልባዎቹ ቆመው አይነሡም፤ ከኋላ ርቀው መጥተው፣ ሰዓቱ ዜሮ ሲሆን በሙሉ ፍጥነት መሥመሩን ለመርገጥ ይሽቀዳደማሉ፤ የቀደመ ይቀጣል፣ የዘገየም በሌሎቹ ክንፍ የተበጠበጠ ነፋስ ውስጥ ይቀራል። ነፋስን በግራ ጎኑ የሚቀበለው ጀልባ በቀኝ ጎኑ ለሚቀበለው መንገድ መልቀቅ አለበት የሚለው ጥንታዊ የባሕር ሕግ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በሚሮጡ ጀልባዎች መካከልም እንደ ጸና ነው።

ከነባር የሸራ ጀልባ ወዳጆች ‹‹ይህ የባሕር ጉዞ አይደለም፣ መሣሪያ ነው›› የሚል ተቃውሞ ይሰማል። ተቃውሞው መሠረት የለውም አልልም። በኤፍ50 ላይ ፎይሎቹን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ግፊት ኃይሉን የሚያገኘው ከባትሪ ነው፤ በ2013ቱ ጀልባዎች ግን ያ ሁሉ ኃይል ከሰው ጉልበት ይመጣ ነበር፤ በ2017 በቤርሙዳ ያሸነፉት ኒውዚላንዶችም በእግራቸው ፔዳል እየመቱ ነበር ግፊቱን ያመነጩት። እኔም በግሌ የሰው ጉልበት ብቻ ያለበትን እመርጣለሁ። ነገር ግን ነፋሱን ማንበብ፣ ማዕበሉን መገመት፣ የዞረውን ነፋስ ቀድሞ ማየት፣ በተቀናቃኝ ፊት ተሻግሮ ንጹሕ ነፋሱን መከልከል፣ እነዚህ ሁሉ በትንሿ ጀልባዬ ላይ እኔን የሚያስጨንቁኝ ነገሮች ናቸው፤ በኤፍ50 ላይም ያሉት እነርሱ ናቸው፤ የሚለየው ለማሰብ የተሰጠው ጊዜ ማጠሩ ነው።

ስለ መገልበጥ የሚጻፈውን በተመለከተ ግን አንድ ነገር በጥብቅ ማሳሰብ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 9 ቀን 2013 አርቴሚስ የተባለው የስዊድን ቡድን ካታማራን በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ላይ በልምምድ ሳለ ተገልብጦ፣ የኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳልያ ባለቤት የነበረው ብሪታንያዊው አንድሩ ሲምፕሰን ሕይወቱን አጥቷል። ከዚያ በኋላ ውድድር የሚፈቀድበት የነፋስ ልክ ዝቅ ተደርጓል፤ የመርከበኞቹም መከላከያና የመተንፈሻ አየር መያዣ ጉዳይ በጥብቅ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ደግሞ የአውስትራሊያ ጀልባ ክንፍ እዚሁ ሳን ፍራንሲስኮ ውድድር ላይ እያለ ተሰብሮ ወደቀ፤ በክንፎቹ ላይ ጉድለት በመገኘቱም ቀጥሎ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ሊደረግ የነበረው ውድድር ተሰረዘ። አዘጋጆቹ ያን ውድድር መሰረዛቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የተገለበጠ ጀልባ ፎቶግራፍ ገበያ እንዳለው አውቃለሁ፤ ነገር ግን በፎቶው ሥር ለምን እንደ ተገለበጠና በውስጡ የነበሩት ሰዎች እንዴት እንደ ሆኑ ሊጻፍ ይገባል።

ይህ ስፖርት ከአማርኛ አንባቢ የራቀ ነው የሚል ካለ፣ ሴይል ጂፒ በዱባይና በአቡ ዳቢ መደረጉን ላስታውስ እወዳለሁ፤ በእነዚያ ከተሞች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ጀልባዎቹም የሚወዳደሩት ከባሕር ዳር በሚታይ ቦታ ነው። ፎይል ወደ ኦሎምፒክም ገብቷል። ናክራ 17 የተባለው በፎይል የሚበር ካታማራን አንድ ሴትና አንድ ወንድ አብረው የሚነዱት ሲሆን፣ ጣልያናውያኑ ሩጄሮ ቲታና ካቴሪና ባንቲ በቶኪዮም በፓሪስም ኦሎምፒክ ወርቁን ወስደዋል። በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎቻችንም ቶም ሬውቬኒ እ.ኤ.አ. በ2024 በማርሴይ ባሕር ላይ በፎይል በሚበር የነፋስ ሰሌዳ ወርቅ ማግኘቱን፣ ሻሮን ካንቶርም በሴቶች ብር ማግኘቷን በደስታ የተከታተሉ ይመስለኛል። በሴይል ጂፒም ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችው ብራዚላዊቷ ማርቲን ግራኤል የአንድ ቡድን ዘዋሪ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ይህ ራሱ ሰፊ ዘገባ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣ ጋዜጣዎ ወደ ፊት ስለዚህ ውድድር ዜና ሲያወጣ ከአሸናፊው ስምና ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የነፋሱን ብርታትና አቅጣጫ፣ የትኛው የክንፍ ቁመት እንደ ተተከለ፣ መሥመሩን ቀድሞ በጥሩ ፍጥነት የረገጠው ማን እንደ ነበረ፣ መሪነቱም በየትኛው መዞሪያ ላይ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ቢጨምር በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ በአራትና በአምስት ዐረፍተ ነገር የሚያልቅ ነገር ነው። ውድድሩ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲመለስም፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ከክሪሲ ፊልድ ዳርቻ ያየሁትን በዚሁ መልክ ጽፌ በውድድሩ ማግሥት ያለ ክፍያ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንባቢዎ
ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ